አድራሻ የሌላት

ኢድዋል ፖስተኛው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በዌልስ ኮረብቶች፣ ዶፍ በማያባራበት፣
ደብዳቤ ሲያዳርስ በራፍ ለበራፍ፣
በስንቱ ተነክሶ፣ ከስንቱ ሲተርፍ፣
ሁለት ጠባሳ በባቱ ይዞ ጡረታ ወጣ፤
“ከእንግዲህ ውሻ የሚባል ደጄ እንዳይመጣ!”
ብሎ ነበር።
ብሎ ነበር፤ ኤሉኔድ፣ ሚስቱ፣ ከመሞቷ በፊት
ፎርም ሞልታ ኖሯል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በዘመመ ጽሕፈት።

ከቀብሯ ወዲያ በሦስተኛው ወር ስልኩ ጮኸ፦
“ተራችሁ ደርሷል። ፖሊስ ከደረሰበት የማራቢያ በረት
አንዲት ውሻ ወጥታለች። ለጊዜው ነው፤
ማደሪያ፣ ምግብ፣ ትዕግሥት።”
“እሷ የለችም” ሊል አፉን ሲያላቅቅ፣
“አምጧት” የሚል ወጣ፣ ልቡ እንኳን ሳያውቅ።

አመጧት።
ጠጉሯ ከጉድፏ ጋር ተጋግሮ፣ ጡቷ መሬት እየጠረገ።
ስም የላት፤ አንገቷ ላይ ቁጥር፦ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።
ስድስት ዓመት፣ መስኮት በሌለው ጎተራ፣ ከሽቦ ወለል ላይ
ወለደች። ወለደች። ወለደች።
ቡችላው ታጥቦ፣ ሪቫን ታስሮለት በፎቶ ሲደምቅ፣
እናትየው ሣር ምን ምን እንደሚል ሳታውቅ።

የመጀመሪያውን ሌሊት በወጥ ቤቱ መኻል ዞረች፤
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፤
የእስሯን ስፋት በእግሯ ለክታ ይዛው መጥታለች።

ኢድዋል ጀርባውን ሰጥቷት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።
ይህን ያውቅበታል፦ ዓይን አለማየት፣ በጎን መራመድ፣
እጅን መሰብሰብ፣ ቀስ ብሎ መሄድ።
ከውሻ ለመሸሽ ዕድሜ ልኩን የተማረው ዘዴ
ለመቅረብ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ እንዴ!

ስም አላወጣላትም።
“የሰው ፖስታ ናት” አለ፤ “አድራሻዋ እስኪጻፍ
እኔ ጋ ትቆያለች። ፖስተኛ አይከፍትም።”
ማታ ማታ ግን፣ ሰው በሌለበት፣
“አንቺ” ይላታል፤ “አንቺ፣ ነይ እራት።”
ቃሉን በዚያ ድምፅ
ከኤሉኔድ በቀር ለማንም ብሎት አያውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት ግራ ካልሲው ጠፋ።
በማግስቱ ቀኙ። ከዚያ ሌላ ጥንድ፤ ከዚያ የሳህን መወልወያው፤
ከዚያ፣ ከተሰቀለው ካፖርት ኪስ፣ የኤሉኔድ አንድ የሱፍ ጓንት።
ከደረጃው ሥር አገኛቸው፤ ስድስት።
በላያቸው ተጠማዝዛ ተኝታ
አንድ በአንድ ትልሳቸዋለች፤ ጨርቅ መሆናቸው ሳያግዳት።
ካልሲውን ሊወስድ እጁን ሰደደ።
ቀና ብላ አየችው፣ በቀጥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤
አጉረመረመች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ድምፅ ሲሸሽ የኖረው ሰው
“እሰይ!” አለ። “እሰይ፣ አንቺ! እንዳትሰጪ!”
ባዶ እግሩን ሄዶ ሻይ ጣደ።

ሣሩን በሚያዝያ ረገጠችው፤
አንድ እግር አወጣች፤ እሳት እንደ ነካው ሰው መለሰችው።
በግንቦት ሮጠች፤ ሩጫ ከተባለ፤
ቁልቁለቱን፣ እየተደናቀፈች፣ ጆሮዋ ቀድሟት።

በሰኔ ከስዋንዚ አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር መጣች።
ልጅቱ፣ ነስታ፣ አልጠራቻትም፤ አላፏጨችም፤
ሣሩ ላይ በደረቷ ተኝታ ወደ ሌላ አየች።
ብዙ ቆይቶ፣ አንድ እርጥብ አፍንጫ ክርኗን ነካ።
ኢድዋል ከመስኮት አይቶ ዐወቀ፦ አድራሻው ተጽፏል።

“እዚህ ጋ ይፈርሙ” እያለ ስንቱን አስፈርሟል፤
ዛሬ እሱ ፈራሚ ሆኖ እስክሪብቶው ከበደው።
ሳህኗን ሰጠ። ካልሲዎቹን ሰጠ። መወልወያውን።
ጓንቱ ላይ እጁ ቆመ።
ሰጠ።

ያን ሌሊት በወጥ ቤቱ መኻል ዞረ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ አንዴ።
ከዚያ የጓሮውን በር ከፈተ። ካልሲ የለው።
ሣሩ ዝናብ ጠግቧል።
አንድ እግሩን አወጣ፤ መለሰው፤
እንደገና አወጣ።